ምን እያነበባችሁ እንደሆነ ስትነግሩን እነዚህን ስህተቶች ተዉልን

ቴሌግራም ላይ አንድ የንባብ ግሩፕ ከሚያስተባብሩት ውስጥ ነኝ። አዲስ አበባም ባህር ዳርም ያሉ አባላት አሉን፣ ቨርጂኒያና ጅዳም ያሉ አሉ፣ እና ሁሌ የምንጠያየቃት ጥያቄ "አሁን ምን እያነበባችሁ ነው?" የምትል ናት። ቀላል ጥያቄ ትመስላለች፣ ግን ጥሩ ጥሩ አንባቢ የሆኑ ልጆች እንኳን መልሱ ላይ ሲበላሽባቸው አያለሁ፣ አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ሌላውን ሰው ከንባብ እስከማስወጣት ይደርሳል። ጀማሪዎች እንዳትቀየሙኝ፣ አብዛኛውን የምጽፈው ለእናንተ ብዬ ነው፣ ቆጣ የምልበት ቦታ ግን ነባሮቹን ነው።

መጀመሪያ በጣም የተለመደው፣ ሽፋኑን ፎቶ አንስቶ ለጥፎ መሄድ። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ፣ ጎኑ ማኪያቶ፣ ከስሩ "እያነበብኩ ነው"። ሰው ላይክ ይገጫል፣ አንዱ "አሪፍ መጽሐፍ ነው" ይላል፣ ወሬው እዛው ያልቃል። ፎቶው ምንም ክፋት የለበትም፣ ግን ያየው ሰው ስለ መጽሐፉ ምን ብሎ ይጠይቃችሁ? የት እንደደረሳችሁ አያውቅም፣ ወዳችሁት ይሁን ታግላችሁት አያውቅም። ትልቅ ትንተና ይጻፍ እያልኩ አይደለም፣ ሂስ አልጠየቅናችሁም። የደረሳችሁበትን ቦታና እዛ ቦታ ላይ ያስገረማችሁን ወይ ያበሳጫችሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሩን። እኛ ጋ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለች፣ አንድ ቀን ስለምታነበው ልብ ወለድ ሁለት መስመር ጻፈች፦ "ሁለተኛው ምዕራፍ አለቀ፣ ሰውየው እስካሁን አንድ ጥያቄ ማንንም አልጠየቀም፣ ሁሉም ሰው ነው እሱን የሚጠይቀው።" በቃ ይቺን ነው ያለችው። መጽሐፉን ያነበቡት ተነሱና እውነትም እኮ አሉ፣ አንዱ ገልብጦ አይቶ "አንድ ጊዜ ጠይቋል፣ እሱም የአውቶብስ ሰዓት ነው" አለ፣ ያላነበቡት የት ይገኛል ማለት ጀመሩ፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ወሬው አላቆመም። ልጅቷ ስለ ሥነ ጽሑፍ የተማረችው የተለየ ነገር የለም፣ ያስተዋለችውን ነው የነገረችን።

የደረሳችሁበትን ስትናገሩ ደግሞ በገጽ ቁጥር ብቻ አትናገሩ። የድሮው እትም ገጽ 120 ከአዲሱ እትም ገጽ 120 ጋር አይገጥምም፣ ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው ደግሞ ፊደሉን ባሳደገ ቁጥር ገጹ ይቀያየርበታል። ምዕራፉን ንገሩን፣ ምዕራፍ ከሌለው "እነ እገሌ ሰርጉ ላይ የተገናኙበት ጋ" በሉ።

ዓመተ ምህረት! በተለይ ውጭ ያደጉ ልጆች ያሉበት ቦታ ላይ ስትጽፉ የኛ ይሁን የፈረንጅ አብራሩ። አንዱ አባላችን የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ እያነበበ "በ1975 የታተመ" ብሎ ጻፈ፣ እዚህ ላለነው ግልጽ ነው። ቨርጂኒያ ያለው ልጅ ግን በፈረንጅ አስቦት ግራ ገባው፣ መጽሐፉ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው ትላላችሁ፣ ዘመቻው ደግሞ 1982 ነው ይላል ኢንተርኔቱ፣ ታዲያ ሰውየው ከሰባት ዓመት በፊት እንዴት ጻፈው አለ። ዘመቻው በኛ 1974 ነው፣ መጽሐፉ 1975 ወጣ፣ ማለትም በዓሉ ግርማ ነገሩ ገና ትኩስ እያለ ነው የጻፈው። እና ይሄ ዝም ብሎ የቁጥር ጉዳይ አይደለም፣ ሰውየው ምን ያህል እንደደፈረ የሚገባን ቀኖቹን ስናቀራርባቸው ነው፤ መጽሐፉ እንደወጣ ታገደ፣ እሱም ከስራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 ከቤት እንደወጣ ቀረ። ቀኑን የተሳሳተ ሰው ይሄ ሁሉ ያመልጠዋል። "ዓ.ም." ወይ "እ.ኤ.አ." ብሎ መጨመር ምን ይከብዳል?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። መጨረሻውን መናገር።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍቅር እስከ መቃብርን ለመጀመሪያ ጊዜ እያነበበች ነበር። ግማሽ ላይ ደርሳ ደስ ብሏት "ጉዱ ካሳን ወደድኩት፣ እሱ ያለበት ቦታ ሲመጣ ቀስ ብዬ ነው የማነበው" ብላ ጻፈች። እንዴት ደስ እንደሚል! ወዲያው አንድ ትልቅ ሰው፣ ብዙ ያነበበ ሰው፣ ከስር መጣና መጨረሻ ላይ እሱም በዛብህም ሰብለም ምን እንደሚሆኑ ዘርዝሮ ጻፈላት። ልጅቷ "እሺ አመሰግናለሁ" ብላ ጠፋች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስጠይቃት አልጨረሰችውም። እኔ ያን ቀን አንጀቴ ነው ያረረው። ሰውየውን በውስጥ መስመር ሳናግረው የሰጠኝ መልስ ደግሞ "ርዕሱ ራሱ እስከ መቃብር እያለ ምን የተደበቀ ነገር አለው?" የሚል ነው። ይሄን መልስ ከስንቱ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ። እሺ፣ ርዕሱ መቃብር ይላል፣ ግን ሀዲስ ዓለማየሁ ያን ሁሉ ገጽ የጻፉት ሰዎቹ መቃብር እንደሚደርሱ ሊነግሩን አይደለም፣ እንዴት እንደሚደርሱ፣ በማን ምክንያት፣ ስንት ጊዜ ለጥቂት እየተረፉ እንደሚደርሱ ነው፣ አንባቢው እኮ "አሁን ያመልጣሉ፣ አሁን ይገናኛሉ" እያለ ነው ገጽ የሚገልጠው፣ ያን ተስፋ ነው ከልጅቷ የወሰድክባት።

ሁለተኛው ሰበብ "ይሄን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?" ነው። አለ! ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማው ትውልድ ታሪኩን ሳያነብም ያውቀዋል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያዳመጠ አለ። ያን ጊዜ ያልተወለደው ልጅ ግን ዛሬ ነው የሚያገኘው፣ ለሱ መጽሐፉ አዲስ ነው። የቆየ መጽሐፍ ላይ እንደውም የበለጠ መጠንቀቅ አለብን ባይ ነኝ፣ አዲስ መጽሐፍ ላይ ሁሉም ያላነበበ ስለሆነ ሰው በራሱ ይጠነቀቃል፣ የቆየው ላይ ነው አፋችን የሚፈታው። ስለ መጨረሻው ማውራት ካማራችሁ ቴሌግራም ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ ስፖይለር የሚለውን ስትነኩ ይሸፈናል፣ ማየት የፈለገ ነክቶ ያየዋል። ወይ ደግሞ ከጨረሱት ጋር ለብቻ አውሩ። "እያነበብኩ ነው" ላለ ሰው መልሱ "የት ደረስሽ?" ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

በነገራችን ላይ በትረካ ያዳመጣችሁትን "አዳመጥኩት" በሉ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ግን ዩቲዩብ ላይ ያለው ትረካ አንዳንዱ የተቆራረጠ ነው፣ አንድ ትዕይንት ላይ ስንከራከር አንደኛው ጭራሽ ያልሰማው ክፍል ሆኖ ይገኛል።

ፒዲኤፍ። "ይሄን እያነበብኩ ነው" ካለ በኋላ ፋይሉን ከስር የሚጥል ሰው ብዙ ጊዜ ደግ ሰው ነው፣ ሊያካፍል ነው የፈለገው፣ ስለዚህ አልቆጣውም፣ ግን እናጠፋዋለን። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ ሀገር ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው ከራሱ ኪስ ነው፣ ተበድሮ የሚያሳትምም አለ፣ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ መጽሐፉ እስኪሸጥ አይጠብቀውም፣ የወረቀት ዋጋም የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ያ መጽሐፍ ገና መደርደሪያ ላይ እያለ አንድ ሰው በስልኩ ገጽ በገጽ አንስቶ ቻናል ላይ ሲጥለው ሁለተኛ እትም የሚባል ነገር ይቀራል። ገጹ የተጣመመ፣ ጣት የገባበት፣ አንዳንዴም ሁለት ገጽ የተዘለለበት ፋይል ነው ደግሞ፣ አንባቢውም ደራሲውም አልተጠቀሙም። "የድሮ መጽሐፍ ነው፣ ችግር የለውም" የሚሉ አሉ፣ እሱም ስህተት ነው። በቅጂ መብት አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሰረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እስካለ የሱ ነው፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፣ ደምሩት፣ እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ የወራሾቻቸው መብት ነው። መግዛት ያልቻለ ሰው ካለ አዲስ አበባ ውስጥ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለ፣ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ገብቶ ማንበብ ይቻላል። እኛም እርስ በርስ እንዋዋሳለን፣ የተዋሰ ሰው ይመልስ እንጂ!

ጥቅስ ስትለጥፉ ደራሲውን፣ መጽሐፉንና ከተቻለ ምዕራፉን ጻፉ። በስብሐት ገብረእግዚአብሔር ወይም በበዓሉ ስም የሚዞር አባባል አይታችሁ "የት መጽሐፍ ላይ?" ስትሉ የለጠፈው ሰው መልስ ካጣ እሱም ከሌላ ሰው ፖስት ነው ያመጣው ማለት ነው። እያነበባችሁ ያላችሁት መጽሐፍ እጃችሁ ላይ ነው፣ ከሱ ቀጥታ ቅዱ። ሌላው ደግሞ፣ ገጸ ባህሪው የተናገረውን ደራሲው አለ አትበሉ። ልብ ወለድ ውስጥ ሌባም፣ ካድሬም፣ ሚስቱን የሚደበድብም ይናገራል። አንድ ካድሬ ኦሮማይ ውስጥ የሚለውን ቆርጦ "በዓሉ ግርማ እንዲህ ብሎ ነበር" ማለት ሰውየውን መበደል ነው። "እገሌ የሚባለው ገጸ ባህሪ እንዲህ ይላል" በሉ፣ አለቀ።

ትርጉም መጽሐፍ ከሆነ የተርጓሚውን ስም አትዝለሉ። አንዱ መጽሐፍ በሁለት ሰው ተተርጉሞ በሁለት ርዕስ የሚሸጥበት ጊዜ አለ፣ ሳናውቅ ያንኑ መጽሐፍ ሁለቴ እንገዛለን።

አስር መጽሐፍ ቆልላችሁ "እነዚህን እያነበብኩ ነው" አትበሉ፣ አሁን እጃችሁ ላይ ስላለው አንዱን ንገሩን።

ሰው የሚያነበውን አታንቋሹ። ይሄን ለነባሮቹ ነው የምለው። አንድ ልጅ ስለ ስኬት የሚያወራ ትርጉም መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ "አንተ ይሄን ነው የምታነበው?" የሚል ሰው ግሩፑ ውስጥ ሲኖር ልጁ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም፣ ቢከፍትም የማያነበውን ነው የሚናገረው። እኔ የማውቃቸው ጎበዝ አንባቢዎች በስለላና በፍቅር ልብ ወለድ ነው የጀመሩት፣ ከመንገድ ላይ ሻጭ በሳንቲም እየተከራዩ ያነበቡ ሰዎች ናቸው። ምን እንደወደደለት ጠይቁት፣ ከዛ በሚወደው በኩል ሌላ መጽሐፍ አሳዩት።

ያቋረጣችሁትንም ንገሩን። "እያነበብኩ ነው" ብላችሁ አሳውቃችሁ ከዛ ስለመጽሐፉ ዝም ስትሉ ብዙ ጊዜ ትታችሁታል ማለት ነው፣ እና ለምን አፈራችሁ? "እዚህ ጋ ስደርስ ስም በዛብኝ፣ ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ" ብትሉ አንድ ያነበበ ሰው መጥቶ "እኔም እዛ ጋ ተቸግሬ ነበር፣ ሦስቱን ወንድማማቾች ብቻ ያዝ፣ ሌሎቹን እርሳቸው" ይላችኋል። አንድ ሁለት ሰው በዚህ መንገድ ተመልሶ ሲጨርስ አይቻለሁ። ካልተመለሳችሁም ደህና ነው፣ ቢያንስ መጽሐፉን ለመግዛት ያሰበ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አወቀ።

የመጨረሻው፣ ለጥፎ መጥፋት። ሰው "ከየት ገዛሽው? ስንት ነው?" ሲል መልሱለት። አዲስ አበባ ላለ ሰው ለገሃር ይሁን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ይሁን አራት ኪሎ፣ ያያችሁበትን ቦታና የከፈላችሁትን ብር ንገሩት፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሆነ ሻጩ ስንት ብሎ ጀምሮ በስንት እንደሸጠላችሁም ጨምሩ። ውጭ ያለ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፣ ማን ይዞለት ይሄዳል ነው ነገሩ። ጅዳ ያለች እህታችን አንድ መጽሐፍ የለጠፈ ልጅ ስር "ወንድሜ፣ የሚመጣ ሰው ካለ በእሱ ትልክልኛለህ? ብሩን አስቀድሜ እልካለሁ" ብላ ጽፋ መልስ የሚሰጣት አጥታ ከርማ ነበር። ሌላ አባል አይቶ መጽሐፉን ገዛላት፣ በዘመዱ ሻንጣም ላከላት፣ አሁን እሷ ምዕራፍ አራት ላይ ናት፣ መጀመሪያ የለጠፈው ልጅ ግን እስካሁን የት እንደደረሰ አልነገረንም።