ደቻቱ ሲሞላ፦ በጎርፍ የተዘጋ ቤት ውስጥ የሚፈጸም የግድያ ልብወለድ እንዴት ይጻፋል

መጀመሪያ የውሃውን ጠባይ ይወቁ። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ጎርፉ የሚወርደው ከደጋው ስለሆነ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድም ሊደርስ ይችላል፤ በመጣበት ፍጥነትም ይጎድላል። «ሦስት ቀን ዘንቦ ተዘጋን» ብለው ከጻፉ የድሬው የከዚራ ሰፈር አንባቢ ይስቅብዎታል። ያለዎት አንድ ሌሊት ነው። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ግን አይንኩት፤ ከ200 በላይ ሰው የሞተበት ነውና የራስዎን ጎርፍ ይፍጠሩ።

ቀጥሎ ሰዎቹን ይሰብስቡ። በርጫ፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት መቃም፣ ጥሩ ሰበብ ነው፤ ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው እስኪመሽ አይነሳም። ስድስት ወይም ሰባት ይበቃሉ፤ ከዚያ ካነሱ ገዳዩ ቶሎ ይታወቃል፣ ከበዙ ስም ይምታታል። ዘበኛውንና ሠራተኛዋን ይቁጠሯቸው።

ስልክ ብዙ ሴራ ያፈርሳል። መብራት ቢጠፋም ማማዎቹ ባትሪ ስላላቸው ኔትወርክ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል። ስለዚህ ስልኩ ይሥራ፣ ፖሊስም ይደወልለት፤ እሱ ግን ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩ ላይ ውሃ ማሳለፍዎን አይርሱ፣ አለዚያ በመኪና ከች ይላል።

አሁን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 በየግማሽ ሰዓቱ 22 መስመር ያስምሩ፤ እያንዳንዱ ሰው የት እንደነበረ ይሙሉ። የገዳዩን ዓምድ ሁለቴ ይሙሉት፦ አንዴ እውነቱን፣ አንዴ የሚናገረውን።

ፍንጮቹ ከቦታው ይውጡ፦

ጫት። ተቆርጦ በሁለት ቀን ገደማ ይጠወልጋል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። «አሁን ከአወዳይ ጫት ገበያ መጣሁ» ያለው ሰው እጅ ላይ የጠወለገ ጫት ካለ ዋሽቷል። ግን በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ እርጥበቱን ይይዛል፤ ይህን ቀደም ብለው በጨዋታ መሀል ካላነሱ አንባቢ ተታለልኩ ይላል።

ሬሳ። መካከለኛ አየር ላይ በሰዓት አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ሙቀት ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል፣ የጡንቻውን ግትር ማለት ግን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ደረቱን ብቻ የዳሰሰች ነርስ «አሁን ነው የሞተው» ብትል ትሳሳታለች፤ ክንዱን ለማጠፍ የሞከረው ሰው ግን ይጠራጠራል።

ደለል። ጎርፉ ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ጥሎ ይሄዳል። ከመስመሩ በታች ያለ ዕቃ ሁሉ ጭቃ ለብሶ፣ አንድ ጫማ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ እዚያ የተቀመጠው ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው። ጫማውን በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በርጫው ቤት ደጃፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ጫማዎች ጋር ያሳዩት።