ያገለገለ አይፎን ስትገዙ ዋጋ ለመከራከር

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ያገለገለ አይፎን ልትገዙ ከሆነ «የመጨረሻውን ንገረኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ስልኩን ተቀበሉና ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የባትሪውን ጤንነት እዩ። ከ80 በመቶ በታች ካለ ባትሪው ደክሟል፤ ስለዚህ የባትሪ መቀየሪያው ከዋጋው ላይ ይቀነስላችሁ። እኔ ባለፈው ያየሁት 76 ይል ነበር። ስክሪኑን ወደ ሻጩ አዙሬ ዝም አልኩ። ትንሽ አየት አደረገና ራሱ ዋጋውን ቀነሰልኝ።

ከዚያ *#06# ደውሉና የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። የቀድሞው ባለቤት አይክላውድ (የአፕል አካውንቱ) ከስልኩ ላይ ካልወጣ ግን፣ እባካችሁ፣ በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም እንዳትነኩት። ብሩንም ሲም ካርዳችሁን አስገብታችሁ፣ ቤት ደውላችሁ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ከተሰማችሁ በኋላ ክፈሉ።