የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲሻግት፦ ውሃው ከየት መጣ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ሲጀምሩ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ቀለም መሸጫ ነው። ቀለሙ ጥቁሩን ነጥብ ይሸፍናል፤ በሚቀጥለው ክረምት ግን ተልጦ ይወርዳል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ውሃው ከጣሪያ፣ ከመሬት ወይስ ከገዛ ትንፋሻችንና ድስታችን እንደመጣ መለየት ይገባል።

እርጥቡን ቦታ በጨርቅ አድርቁና ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቃችሁ ለ2 ቀን ተዉት። ጠብታው በክፍሉ በኩል ከታየ ውሃው የቤቱ አየር ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከታየ ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል።

ጠዋት መስኮቱ ያልበዋል፤ ማዕዘኑና የቁም ሳጥኑ ጀርባ ጠቁሯል

በእንፋሎት የተሞላ ሞቃት አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። በአንድ ጠባብ ክፍል አራት ሰው ሲያድር፣ ልብስ ውስጥ ሲሰጣ፣ ሽሮው ሳይከደን ሲንተከተክ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። በነጭ ጋዝ የሚያበስሉ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ አንድ ሊትር ጋዝ ሲነድ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል።

መፍትሄው ድስት መክደን፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ማራቅ፣ ጠዋትና ከማብሰል በኋላ በርና መስኮት ትይዩ ከፍቶ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ማናፈስ ነው። እማማ «ንፋስ ይመታናል» ብለው መቆጣታቸው አይቀርም። ሆኖም የውጪው ቀዝቃዛ አየር፣ ዝናብ ላይ እንኳ ቢሆን፣ ቤት ገብቶ ሲሞቅ ከነበረው ይልቅ ደረቅ ይሆናል። ክፍል ለማድረቅ ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ግን ሰው ይገድላል።

ዝናብ ሳይዘንብ ከኮርኒሱ ውሃ ይንጠባጠባል

ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ የሚመጣ ጠብታ የሚያፈስ ጣሪያ ምልክት አይደለም። ቆርቆሮው ሌሊት ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በኮርኒሱ ቀዳዳ የወጣው እንፋሎት ከሥሩ ጤዛ ይሠራል። ባለሙያ ተጠርቶ የሚስማር ቀዳዳ ሲፈለግ ይዋላል፤ አይገኝም። የኮርኒሱን ክፍተት ድፈኑ፤ ከኮርኒሱ በላይ ላለው ባዶ ቦታ ደግሞ ግራና ቀኝ ወንፊት ያለው የአየር መውጫ አስከፍቱ።

ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቧል፤ ልስኑ አብጦ ነጭ ዱቄት ይረግፋል

ይህ ከመሬት የሚወጣ ውሃ ነው፤ ነጩ ዱቄት ውሃው ይዞት የመጣው ጨው ነው። ብዙ ሰፈር መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከቤቱ ወለል በላይ ሆኗል፤ ጎርፉም ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። በጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ጭቃ የያዘውን እርጥበት ወደ ውጪ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶው ያፍነዋል። ዘይት ቀለም ሲጨመርበት የባሰ ነው።

ከውጪ ጀምሩ፦ አሸንዳ ይገጠም፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር፣ ግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ከወለሉ በታች እስኪሆን ይነሳ። በበጋ፣ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ልስን አስነሱና በጭድ የተቦካ ጭቃ አስመርጉበት፤ ሲደርቅ ኖራ ይቀባ። ኖራ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ቢሆንም ለጭቃ ቤት ከውድ ቀለም ይሻላል።

ሻጋታውን ስትጠርጉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፤ አስም ያለበት ሰው ክፍሉን ይልቀቅ። በደረቅ መጥረጊያ አትምቱት፤ ይበተናል። በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁ። በረኪና ለሴራሚክ ይበቃል፤ ጭቃ ላይ ግን የሚያነጣው ገጹን ብቻ ነው። ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ልስኑ በተነሳበት ቦታ የባሕር ዛፉን ቋሚ እግር በቢላዋ ወጋ አድርጉት። ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል፤ ከምርጊቱ በፊት አናጺ ይጠራ።