ሞተሩ ይጮኻል፣ በረዶው አይነቃነቅም፦ በኤቲቪ በረዶ ስትጠርጉ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሚኒሶታ ውስጥ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ በጣለ ማግስት ስልኬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል። «ወንድሜ፣ ይሸታል» ይላል የደወለው። ምን እንደሚሸት አልጠይቅም። የተቃጠለ ጎማ ነው። ሁሌም እሱ ነው።

ኤቲቪ ማለት እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጠው የሚነዱት ባለ አራት ጎማ ነው፤ በረዶ ለመጥረግ ፊቱ ላይ ፕላው የሚሉት መግፊያ ምላጭ ይገጠምለታል። ዘይት ማየት፣ ጎማ መንፋት፣ አራት በአራት ማስገባት፣ ሄልሜት ማድረግ ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ኤቲቪው አይሄድም፣ የጎማ ሽታ አለ

ችግሩ ቺንጊያው ነው። አብዛኞቹ ኤቲቪዎች ጉልበቱን ከሞተር ወደ ጎማ የሚያሻግሩት በሁለት ፑሌጃዎች (ቺንጊያው የሚዞርባቸው መዘውሮች) እና በመሃላቸው ባለ አንድ የጎማ ቺንጊያ ነው። የሞተሩ ዙር ሲጨምር የፊተኛው ፑሌጃ ቺንጊያውን ጨምቆ ይይዘዋል። ማርሹን ሃይ (ፈጣኑ ማርሽ) ላይ አድርጋችሁ፣ ከባድ በረዶ እየገፋችሁ፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት ስትሄዱ ግን አጥብቆ አይይዘውም። ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ይቃጠላል።

መፍትሄው ሎው ነው፣ ቀርፋፋው ግን ጉልበታሙ ማርሽ። በረዶ ስትገፉ ማርሹ ሁሌ ሎው ላይ ይሁን። «ትንሽ እኮ ነው የጣለው»? ሎው። «ቶሎ ጨርሼ ሥራ ልግባ»? አሁንም ሎው።

አምና አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ ጠሩኝ። ሽታው ከጋራዡ አልፎ ሳሎን ገብቷል።

«ጋሼ፣ ማርሹ የት ላይ ነበር?»

«ሃይ ላይ ነዋ! ሎው ለዳገት አይደል እንዴ?»

«ታዲያ የበረዶ ክምር ዳገት አይደለም?»

ዝም አሉ። የቺንጊያውን ሽፋን ስፈታው ጥቁር ዱቄት እጄ ላይ ፈሰሰ። ቺንጊያው አንድ ቦታ ላይ ወገቡን በመቀነት እንደታሰረ ሰው ቀጥኗል። ይሄ ምልክት ሲታይ ታሪኩ ይታወቃል። ፕላው የደረቀ ክምር ላይ ተሰንቅሯል፣ ነጂው ግን ቤንዚን መስጠቱን አላቆመም። ፑሌጃው ይሽከረከራል፣ ቺንጊያው ቆሟል። ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ሎው ላይ ብትነዱትም በየዙሩ ዱብ ዱብ እያለ ይሄዳል። እሱን መጠገን የለም፣ መቀየር ነው። ፕላው ከቆመ እጃችሁን ከቤንዚኑ ላይ አንሱ፣ ወደኋላ ተመለሱ፣ ክምሩን ከጎኑ እየቆረሳችሁ ግፉ።

ስትቀይሩ ደግሞ እባካችሁ ርካሹን አትግዙ። ኦሪጅናሉ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር ያልፋል፣ አውቃለሁ። አንድ ልጅ በአንድ ክረምት ሦስት ርካሽ ቺንጊያ ጨረሰ። ስፋታቸው ከኦሪጅናሉ ጋር አይገጥምም ነበር። ሦስተኛው ተበጣጥሶ ክሩ ከፑሌጃው ጀርባ ዘንጉ ላይ ተጠመጠመ፣ የዘይት መያዣውን ጎማም ቆረጠው። በዚያ ብርድ ጋራዥ ውስጥ ተንበርክኬ፣ ባትሪ በአፌ ነክሼ፣ በወረንጦ ክር ስለቅም ሁለት ሰዓት አለፈ። እሱ ቡና አፈላልኝ። ቡናው ጥሩ ነበር።

ሽፋኑን ከመፍታታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉና ይቀዝቅዝ። የፑሌጃዎቹን ፊት በአልኮል ጥረጉ። ዘይት ወይም ግሪስ እንዳይነካቸው! ቺንጊያው ላይ ቀስት ካለ በሞተሩ መዞሪያ አቅጣጫ ግጠሙት። የድሮው ክር አንድ እንኳ አይቅር። አዲሱን ቺንጊያ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 30 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያለ ከባድ ጭነት ንዱት። ይሄን የሚያደርግ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁሉም ገጥሞ ቀጥታ ወደ ክምሩ ነው።

ሽታ ሳይኖር የሚንሸራተት ከሆነ ሽፋኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ከታች ያለውን ቡሽ ንቀሉ፣ ውሃው ይውጣ። ኒውትራል ላይ አድርጋችሁ ቤንዚን ሰጥ መለስ አድርጉለት፣ ይደርቃል።

ፕላው በረዶውን ላዩን ብቻ እየጠረገ ያልፋል

ፕላውን የሚያነሳና የሚያወርደውን የዊንች (በባትሪ የሚሠራ ገመድ መጠቅለያ) ገመድ አላላችሁትም። ፕላው መሬት ላይ በራሱ ክብደት መተኛት አለበት። ጎርበጥባጣ ላይ ወጣ ገባ እንዲል ለገመዱ ትንሽ ትርፍ ስጡት።

ፕላው በትንሽ በትልቁ ይታጠፋል

ፕላውን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ሞላዎች ላልተዋል ወይም አርጅተዋል። በመጠኑ አጥብቋቸው። በመጠኑ ነው ያልኩት። አንዱ «እንዳይታጠፍ» ብሎ እስከ መጨረሻው አጠበቃቸው። በረዶ የሸፈነው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲመታው ፕላው አልታጠፈም፣ ኤቲቪው ቀጥ አለ፣ እሱ በደረቱ መሪው ላይ ተለጠፈ። ሞላው የተሠራው እናንተን ለማዳን ነው። ፍጥነታችሁም ከሰው እርምጃ ብዙ አይለፍ። አባቴ ጎጃም ሆኖ ሥራዬን ሲጠይቀኝ «በረዶ አርሳለሁ» አልኩት፣ እንግሊዝኛው ማረስንም በረዶ መግፋትንም «ፕላው» ስለሚል። «ምን ልትዘራበት?» አለኝ። ቆይቶ ግን «ቀስ እያልክ እረስ፣ ድንጋይ ይኖራል» አለኝ። ያላየውን ነገር ከብዙዎቹ ደንበኞቼ በላይ ገብቶታል።

ጠጠር መንገድ ተጠረገና ጠጠሩ ሣር ላይ ሄደ

መሬቱ ገና በብርድ አልጠጠረም። የፕላውን ጫማዎች (ከሥሩ ያሉትን መሬት ላይ የሚንሸራተቱ ብረቶች) ዝቅ አድርጋችሁ ምላጩ ከመሬት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የመጀመሪያውን ስስ በረዶ በጎማ እየሄዳችሁበት ደልድሉት፣ ሲጠጥር ወለል ይሆናችኋል።

ዊንቹ ይደክማል፣ ከዚያ ባትሪው ይሞታል

ዊንቹ በየደቂቃው ይሳባል፣ መብራት በርቷል፣ የእጅ ማሞቂያ በርቷል፣ ሞተሩ ግን በዝቅተኛ ዙር ነው። የሚሞላው ከሚወጣው ያንሳል። ማታ ማታ ቻርጀር ላይ ይደር። ካረፈ በኋላ ከ12.6 ቮልት በታች ካሳየ አልሞላም ማለት ነው። ገመዱን እስከ ጥግ አትሳቡ፣ ወይ ይበጠሳል ወይ ዊንቹን ያቃጥላል። የሽቦ ገመድ በዚህች አጭር ምልልስ ቶሎ ይተለተላል፣ የሚተለተለው ደግሞ ጓንት አልፎ ይወጋል። በሰው ሠራሽ የዊንች ገመድ ቀይሩት።

ሞተሩ ይግላል

ራዲያተሩ በበረዶ ተደፍኗል። በእጅ ጥረጉት።

ቤንዚን መስጫው አልመለስም አለ

ኬብሉ ውስጥ የገባ ውሃ በረዶ ሆኗል። ይሄ አይናቅም። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት በአውራ ጣታችሁ ገፍታችሁ ልቀቁት፣ ወዲያው ካልተመለሰ አታስነሱ። እየነዳችሁ ቢይዝ ቀዩን ማጥፊያ ተጫኑ። ቀዩ የት እንዳለ አሁኑኑ ሄዳችሁ እዩ።

በጥር መንገዱ ጠቦ መኪና አያስገባም

ይሄ የማሽን ችግር አይደለም፣ የኅዳር ስንፍና ነው። የመጀመሪያውን በረዶ መንገዱ ጠርዝ ላይ ከመራችሁት፣ ደረቀ፣ አሁን ግንብ ሆኗል። በፈረንጆች 1991 በሃሎዊን ዕለት የጀመረው ማዕበል ብቻውን ሚኒያፖሊስ ላይ 72 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥሏል፣ ክረምቱ ገና ሳይገባ። ገና ለስላሳ ሳለ ሜትር ሁለት ሜትር አርቃችሁ ግፉት። ወደ አስፋልት ግን አይደለም! በረዶ ገፍቶ ሕዝብ መንገድ ላይ መጣል በሚኒሶታ በሕግ የተከለከለ ነው። የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃውንም አትቅበሩት።

ጠዋት ጎማውና ፕላው ከመሬት ጋር ተጣብቀዋል

የፈላ ውሃ አታፍሱ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብሶበት ታገኙታላችሁ። ማታ ስታቆሙ በረዶውን አራግፉ፣ ከጎማዎቹ ሥር ጣውላ አድርጉ፣ ፕላውንም ጣውላ ላይ አውርዱት። ምላጩ ላይ በረዶ እየተጣበቀ ካስቸገረ ደረቅ ሳለ ሰም ቀቡት። የምግብ ዘይት የሚረጩ አሉ። ይሠራል፣ ግን የጎረቤት ውሻ ሲልሰው አይቻለሁ።