የአይጥ አንጎል ፕሮቲን ለማስ ስፔክትሮሜትር እንዴት ይዘጋጃል?

ስለዚህ ሥራ ሲወራ ውዳሴው ሁሉ ለማሽኑ ነው። ማሽኑ፣ የሞለኪውሎችን ክብደት የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ግን የሰጡትን ብቻ ይመዝናል፤ ናሙናው ከተበላሸ የተበላሸውን በትክክል ይመዝንልዎታል።

አንጎሉን በረዶ ላይ ያድርጉና ለማስታወስ የሚያገለግለውን ክፍል፣ ሂፖካምፐሱን፣ በፍጥነት ይለዩ። ፕሮቲን ላይ የተለጠፈው ፎስፌት በደቂቃዎች ውስጥ ይለዋወጣል።

አንጎል የነርቭ ሴል ብቻ አይደለም፤ ግሊያ የሚባሉት ሴሎችም ሞልተውበታል። የሚፈልጉት ነርቮች የሚገናኙበትን ሲናፕስ ከሆነ፣ በቀዝቃዛ 0.32 ሞላር የሱክሮስ ውሃ ውስጥ በመስታወት ሙቀጫና በቴፍሎን ዘነዘና አሥር ጊዜ ያህል በቀስታ ይጭመቁት። አረፋ ካወጣ ቸኩለዋል። በ1,000 ጂ (የመሬት ስበት 1,000 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ ያሽከርክሩና ላይኛውን ፈሳሽ ይያዙ፤ እሱን ደግሞ በ12,000 ጂ ለ20 ደቂቃ ያሽከርክሩ። አሁን የሚፈለገው ዝቃጩ ነው። የነርቭ ክር ሽፋን የሆነው ማይሊንና ሚቶኮንድሪያ አብረውት ቢወርዱም ለጀማሪ ይበቃል። እስከ መጨረሻው ድረስ ምንም አይድፉ።

እኔን ያዋረደኝ ቀጣዩ ደረጃ ነው። ፕሮቲንን ፔፕታይድ ወደሚባሉ ቁርጥራጮች የሚከፍለው ኢንዛይም፣ ትሪፕሲን፣ የተጠቀለለ ፕሮቲን በደንብ መቁረጥ ስለማይችል፣ ፕሮቲኑ በ8 ሞላር ዩሪያ ይፈታል። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ያው ዩሪያ ነው፤ የእኛው የተጣራ ከመሆኑ በቀር። ሲሟሟ ሙቀት ይስባልና ቱቦው እጅ ላይ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ዝቃጩ አልፈታ ሲለኝ ቱቦውን 60 ዲግሪ ላይ ትቼ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ዩሪያ ሲሞቅ ሳያኔት የሚባል ኬሚካል ይወጣዋል። ሳያኔት የፕሮቲኑን ጫፍና ላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይይዛል። ትሪፕሲን ደግሞ የሚቆርጠው ከላይሲንና ከአርጂኒን ቀጥሎ ነው፤ ላይሲኑ ከተሸፈነበት አልፎት ይሄዳል። ውጤቱ ሲመጣ ፔፕታይዶቼ በሚጠበቁበት ቦታ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ 43 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ከብደው ሌላ ቦታ ተቀምጠው ነበር። የሦስት ሳምንት ሥራ በአንድ ስኒ ቡና ሄደ። ስለዚህ ከ37 ዲግሪ አይለፉ፤ ዩሪያውንም በዕለቱ ይበጥብጡ። የትናንት ትራፊ ያጓጓል፤ ይድፉት።

የቀረው ቀላል ነው። የፕሮቲኑን የሰልፈር ማሰሪያ የሚፈታውን ዲቲቲ ይጨምሩ፤ ቀጥሎ ማሰሪያው ተመልሶ እንዳይያያዝ የሚከለክለውን አዮዶአሴታማይድ፣ ጨለማ ውስጥ። ዩሪያውን ከ2 ሞላር በታች ያቅጥኑና ለ50 እጅ ፕሮቲን አንድ እጅ ትሪፕሲን ጨምረው 37 ዲግሪ ላይ ያሳድሩ። ጠዋት በአሲድ ያቁሙና ፔፕታይዱን ይዞ ጨውን በሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ በሲ18፣ ያጽዱ።

ሹራብዎንም ያውልቁ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ሱፍ ግን ራሱ ኬራቲን፣ የፀጉር ፕሮቲን፣ ነው። ማሽኑ ካገኛቸው ፕሮቲኖች ዝርዝር አናት ላይ የበግ ኬራቲን ካገኙ አይጧ ላይ አያመካኙ።