በደሴ የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ወይም ቅጣት ሲጠየቁ

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ በጠባብ ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳናም መሐሏን ስለሚያቋርጥ፣ በፒያሳ ያለቦታው የቆመ አንድ መኪና ነዋሪውንም መንገደኛውንም ያግዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50(4) ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ማለት ግን በመንገድ ዳር የቆመ ሁሉ መቅጣት ይችላል ማለት አይደለም።

ስለዚህ አስቀድመው የሚጠይቅዎት ሰው ማን እንደሆነ ይለዩ። የማቆሚያ ሒሳብ ሰብሳቢ ክፍያ ይቀበላል እንጂ አይቀጣም፤ መንጃ ፈቃድዎንም ሊይዝ አይገባም። መታወቂያውን በትሕትና ጠይቀው፣ የታርጋ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት የሰፈረበት ደረሰኝ ይቀበሉ።

ቅጣቱ የትራፊክ ፖሊስ ከሆነና ካላመኑበት፣ መኪናዎን ከማንሳትዎ በፊት ምልክቱና መኪናው በአንድነት የሚታዩበትን ፎቶ ያንሱ፤ ምልክቱ በዛፍ ወይም በሱቅ ሸራ የተጋረደ ከሆነ በተለይ ይህ ፎቶ ዋና ማስረጃዎ ነው። ከዚያም የተጣሰ የተባለውን ድንጋጌ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጠቅሰው ቅሬታዎን በጽሑፍ ለቀጪው መሥሪያ ቤት ያስገቡ። በቃል የቀረበ አቤቱታ ከበሩ አያልፍምና፣ በእጅዎ በሚቀረው ግልባጭ ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ማኅተም እንዲያሳርፍበት ያድርጉ።