መብራት ሲመለስ ኤንጂንኤክስ አልነሳ ካለ፦ የተጨማሪ ሞጁሎች ችግርና መፍትሄ

በደሴና በኮምቦልቻ የኮሌጅና የሆቴል ሰርቨሮችን ስንጠግን ከሁሉም ይበልጥ የሚመላለስብን ብልሽት አንድ ነው። ድረ ገጹ ለሳምንታት ያለ እንከን ሲሠራ ይቆይና መብራት ይጠፋል፤ ዩፒኤሱም ይደክማል፤ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ይነሳል፣ ገጾቹን የሚያቀርበው ሶፍትዌር ኤንጂንኤክስ ግን አልነሳም ይላል። ባለቤቱ ጥፋቱን በመብራቱ ያላክካል፤ ባለሙያ ነኝ ባዩ ደግሞ ኡቡንቱን እንደ አዲስ ሊጭን ፍላሽ ይዞ ይመጣል። መብራቱ ግን ቀድሞ የነበረውን ጥፋት ከማጋለጥ በቀር ያደረገው ነገር የለም።

በስህተት ሎጉ (ስህተቶች በሚመዘገቡበት ፋይል) መጨረሻ ላይ የሞጁሉ፣ ማለትም በኤንጂንኤክስ ላይ የሚጨመረው ክፍል፣ ቨርዥን 1026001 እንደሆነ፣ የሚጠበቀው ግን 1026002 እንደነበረ የሚገልጽ መስመር ካለ ምክንያቱ ተገኝቷል። ሞጁሉ የተሠራው ለ1.26.1 ሲሆን በዲስኩ ላይ ያለው ሰርቨር ወደ 1.26.2 ታድሷል። የኡቡንቱ ሶፍትዌር ጫኝ አፕት የሚያድሰው ራሱ የጫነውን ብቻ ስለሆነ በእጅ ኮምፓይል ተደርጎ (ከኮዱ ተሠርቶ) የተቀመጠውን፣ ገጾችን የሚያጨምቀውን የብሮትሊ ሞጁል አያውቀውም። አዲሱ ቨርዥን መነሳት ሲያቅተው አሮጌው ፕሮሰስ ብዙውን ጊዜ ከሜሞሪ ሳይወጣ ገጾቹን ማቅረቡን ስለሚቀጥል፣ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አይነቃም። አፕግሬድ አድርጎ የወጣውን ጽሑፍ ሳያነብ መስኮቱን የሚዘጋ ሰው ይህን ሁሉ በራሱ ላይ ያመጣል።

ከ1.11.5 ጀምሮ ያለው «ዊዝ ኮምፓት» የተባለው የኮምፓይል ምርጫ ከዚህ ያድናል የሚሉ አሉ፤ አያድንም። እሱ የሚያቻችለው የኮምፓይል ምርጫዎችን ልዩነት እንጂ የቨርዥንን ልዩነት አይደለም፤ ቨርዥኑ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ እኩል መሆን አለበት።

ለጊዜው ገጹን ለማስነሳት ሞጁሉን የሚጭነውን መስመርና የሞጁሉን ትእዛዞች በሙሉ በኮመንት መዝጋት ይበቃል። በአንድ ኮሌጅ በምዝገባ ቀን የመጫኛው መስመር ብቻ ተዘግቶ ነበር፤ ኤንጂንኤክስም ብሮትሊን የሚያበራውን ትእዛዝ አላውቀውም አለ። ሰውየው ተደናግጦ መስመር በመስመር ሲሰርዝ የኤስኤስኤል ሰርተፍኬቱንም አብሮ ሰረዘው፤ ተማሪው ደጅ ላይ ተሰልፎ ሳለ የአንድ ደቂቃ ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ።

እውነተኛው ጥገና በትልቁ ቪ (nginx -V) የሰርቨሩን ቨርዥን አይቶ የዚያኑ ሶርስ (የምንጭ ኮድ) ማውረድ፣ በዊዝ ኮምፓት ማዋቀርና ሞጁሎቹን ብቻ መሥራት ነው። አዲሱን ፋይል በሚሠራው ሰርቨር ሞጁል ላይ በመገልበጫው ትእዛዝ በሲፒ አይደርቡ፤ በአገልግሎት ላይ ያለ ፋይል ከስሩ ሲቀየር ፕሮሰሱ ሊወድቅ ይችላል። በሌላ ስም ያስቀምጡና በማዛወሪያው ትእዛዝ በኤምቪ ይተኩት። ከዚያም በትንሿ ቲ (nginx -t) ማዋቀሪያውን ፈትሾ ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል። አሮጌው ፕሮሰስ ገና እየሠራ ከሆነ ሪሎድ (ማዋቀሪያውን ብቻ እንደገና ማስነበብ) አይበቃም፤ ይህ ፕሮሰስ የራሱ ቨርዥን አሮጌ ስለሆነ አዲሱን ሞጁል በተራው አይቀበለውም።

ችግሩ እንዳይመለስ ሞጁሉን አፕት የሚያውቀው ዴብ ፓኬጅ አድርጎ በጥገኝነቱ መስመር ላይ የኤንጂንኤክስን ቨርዥን በእኩል ይሆናል ምልክት መጻፍ ይገባል፤ ይበልጣል ወይም እኩል ይሆናል ብሎ መጻፍ ፓኬጅ እንዳልሠሩ ይቆጠራል። በዚህ መልኩ ሲጻፍ ተራው አፕግሬድ ሞጁሉ እስኪደርስ ኤንጂንኤክስን ያቆየዋል፤ የደኅንነት ማስተካከያም አብሮ ስለሚቆይ ሞጁሉን ቶሎ ማድረስ የፓኬጁ ባለቤት ግዴታ ነው። ፉል አፕግሬድ ግን ሞጁሉን ነቅሎ ማለፍ ይችላል፤ የማዋቀሪያ ፋይሎች በሚቀመጡበት በኢቲሲ ስር ያለው የመጫኛ መስመር ደግሞ ፓኬጁ ቢነቀልም ስለሚቀር ሰርቨሩ የሌለ ፋይል ፈልጎ ይቆማል። ስለዚህ የሚነቀሉትን ዝርዝር ሳያነቡ እሺ አይበሉ።

ከሌላ ማሽን በፍላሽ የመጣ ሞጁል በፍጹም አይቀበሉ። በኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ሞጁሉ በአዲስ ላፕቶፕ ለሚሠራበት ማሽን ሲፒዩ ብቻ በሚያመቻቸው «ማርች ኔቲቭ» በሚለው ምርጫ ተሠርቶ ወደ አሮጌ ሰርቨር ተገልብጦ ነበር። ፍተሻው አለፈ፤ ሰርቨሩም ተነሳ፤ ነገር ግን ገጽ በተጠየቀ ቁጥር ጥያቄውን የሚያስተናግደው ፕሮሰስ (ወርከሩ) ሲግናል 4 እያስመዘገበ ይሞት ነበር፣ አሮጌው ሲፒዩ የማያውቀው ትእዛዝ ደርሶታልና። መድኃኒቱ ያንን ምርጫ አውጥቶ እንደገና መሥራት ነው።

የመጫኛ መስመሩ ዘገየ ከተባለ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ካለው ኢቨንትስ ብሎክ በላይ ይውጣ። ያልታወቀ ሲምቦል ከተባለ የአጫጫን ቅደም ተከተሉ ይታይ፤ ለምሳሌ የሉዋ ሞጁል የሚደገፍበት ኤንዲኬ የተባለው ሞጁል ከሉዋ ሞጁል መቅደም አለበት።